የልዕልት አይዳ 14 ዓመታት

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ልዑል ራስ መንገሻ ስዩም ነው። ልቤ ግን ከእሳቸው ይልቅ ወደ ባለቤታቸው ወደ ልዕልት አይዳ ደስታ ያደላል።

የራስ መንገሻ ትውልድ የታወቀ ነው። ቅድመ አያታቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አያታቸው ራስ መንገሻ ዮሐንስ፣ አባታቸው ራስ ስዩም መንገሻ። እንዲህ ካለ ቤት የተወለደ ልጅ ሹመት ደጅ አይጠናም፤ ሹመቱ ራሱ ይመጣለታል። ሲዳሞን ገዝተዋል፤ የሥራና መገናኛ ሚኒስትርም ሆነዋል። ትግራይን የተረከቡት ግን በሐዘን ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተረሸኑ። ራስ ስዩም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ያ ግቢ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ነው። ተማሪዎች ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ደረጃው ላይ ሲያጠኑ ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

ሽማግሌዎች ስለ ራስ መንገሻ ሲያወሩ ከዘራቸው ይልቅ የሚያነሱት ቡልዶዘሩን ነው። የትግራይ ጠቅላይ ገዥ ሆነው ሳለ መሪውን ራሳቸው ጨብጠው መንገድ ይጠርጉ ነበር። መኳንንት አፈር መንካት እንደ ውርደት በሚቆጥርበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ያም ሆኖ ገበሬው አልመረጣቸውም፤ ቢከፋውም ሊሽራቸው አይችልም ነበር። መንገዱን እያደነቅሁ ይህን መርሳት አልፈልግም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ አዲስ አበባ ሲጠራቸው አልሄዱም፤ ጫካ ገቡ። ከሌሎች ጋር ደርግን የሚወጋውን ኢዲዩን (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረትን) መሠረቱ፤ ጦሩ በ1969 ሁመራንና መተማን እስከ መያዝ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ተሸነፈ። በዚያው በ1967 ደደቢት ላይ ትግል የጀመሩት የትግራይ ወጣቶችም የመሳፍንቱን ልጅ እንደ ጠላት ነው ያዩአቸው። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ጦር።

ልዕልት አይዳ ግን አዲስ አበባ ቀርተው በደርግ እጅ ወደቁ። ከእናታቸው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ተናኘወርቅና ከእህቶቻቸው ጋር ታሰሩ፤ ቆይቶም ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት ገቡ። አባታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገድለውባቸዋል። አማታቸው ገነተ ልዑል ውስጥ ወደቁ። ወንድማቸውን እስክንድር ደስታን ደርግ በኅዳር 1967 ከስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሸነው። ባላቸው በረሃ ናቸው። እሳቸው የጦር መሪ አልነበሩም፤ ክስም አልተመሠረተባቸውም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረቡም። እስር ቤት የቆዩት ግን እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ነው፤ ወደ 14 ዓመት!

እናት ሆኖ 14 ዓመት ከልጆች መለየት ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጥፋታቸው የቤተሰባቸው ስም ብቻ ነበር። ስሙ ለባል ጠቅላይ ግዛት ሲያስገኝ፣ ለሚስት ያስገኘው ወህኒ ነው።

የራስ መንገሻ የሹመት ታሪክ ሲጻፍ ሲዳሞ፣ ሚኒስቴሩ፣ ትግራይ፣ ኢዲዩ እየተባለ ይዘረዘራል። እኔ የምጽፈው ብሆን ኖሮ ዓለም በቃኝንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ አስገባው ነበር።