ቫይረሱ ላብራቶሪ ሲለምድ

የአፍተግር (የከብቶች የአፍና የእግር ቫይረስ በሽታ) ክትባት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ማቀዝቀዣው ነው። ቀጥሎ ክትባቱን የወጋው ባለሙያ። ቫይረሱ ራሱ ገና ሲመረት ተቀይሮ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አያጋጥመኝም።

አፍተግር ሰባት ሴሮታይፕ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ለየብቻ የሚለያቸው የቫይረሱ ዓይነቶች፣ አለው፣ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሆንም። እኛ አገር ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 ይገኛሉ። ድሮ ሆላንድ ውስጥ ፍሬንክል የሚባል ሰው ቫይረሱን ከቄራ በመጣ የከብት ምላስ ላይ ነበር የሚያራባው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ቢኤችኬ 21 የሚባለው፣ ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ግልገል ኩላሊት የተገኘው ህዋስ ቦታውን ወሰደ። ቶሎ ይራባል፣ በትልቅ ጋን ውስጥም ይመረትበታል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩትም የአፍተግር ክትባት የሚሠራው በዚሁ ህዋስ ነው።

ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። ከብቱ ውስጥ ቫይረሱ ወደ ህዋስ የሚገባው ኢንቴግሪን የሚባል ፕሮቲን ይዞ ነው። ቢኤችኬ ላይ ደግሞ ሌላ መግቢያ በሽ ነው፤ ሄፓራን ሰልፌት ይባላል፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው የስኳር ሰንሰለት ነው። ቫይረሱ ዘረመሉን (አርኤንኤውን) ሲገለብጥ ስህተቱን ስለማያርም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ትንሽ የሚለያዩ ብዙ ቫይረሶች ይኖራሉ፣ ከነሱ መሃል ሽፋኑ ላይ ፖዚቲቭ ቻርጅ የጨመረው ሄፓራኑን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ሌላውን ሁሉ በልጦ ጠርሙሱን ይሞላዋል። በኦ ዓይነት ላይ ለዚህ ዋናው ለውጥ ቪፒ3 በሚባለው የሽፋኑ ፕሮቲን 56ኛው ቦታ ሂስቲዲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በአርጂኒን መተካቱ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ! ያ ቫይረስ ተመልሶ ከብት ላይ ሲሞከር ደግሞ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔን የሚገርመኝ ጠርሙሱ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ቫይረስ መልኩን የሚቀይረው ከበሽታ መከላከያችን ለማምለጥ ነው ተብለን ተምረናል፣ ልክም ነው፣ ግን እዚህ ማንም አላባረረውም፤ የቀየረው መግቢያውን ብቻ ነው። ችግሩ ወደ ህዋስ የሚገባበት የሽፋኑ ክፍልና ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያየው ክፍል ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም አንድ ላይ ናቸው። አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል።

ምርመራውም ከዚህ አያመልጥም። ክትባቱ ከሜዳው ቫይረስ ጋር መግጠሙን የምናየው የተከተበ ከብት ሴረም (ፀረ እንግዳ አካሉን የያዘውን የደም ውሃ) ወስደን በሁለቱም ቫይረሶች ላይ በመሞከር ነው፤ በሜዳው ቫይረስ ላይ ያለው ጉልበት በክትባቱ ቫይረስ ላይ ላለው ሲካፈል 0.3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባብዛኛው ይገጥማል ይባላል። የሜዳውን ቫይረስ ቀድመን ቢኤችኬ ላይ ደጋግመን ካሳደግነው ግን የለካነው የቱን ነው? ለዚህ ነው ቫይረሱ እንደ ከብቱ በኢንቴግሪን የሚገባባቸው የጥጃ ታይሮይድ ህዋስ፣ ወይም የከብት ኢንቴግሪን ጂን የገባለት የአሳማ ኩላሊት ህዋስ የሚመረጠው። ሁሉም ላብራቶሪ ይህን አያገኝም፣ ይገባኛል። ቢያንስ ግን ውጤቱ ሲጻፍ ቫይረሱ በየትኛው ህዋስ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አብሮ ይጻፍ፣ የሽፋኑ ጂንም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይነበብ።