ኤምኤስ፣ ተልባና የእናቴ ኩርፊያ

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) የሚባለው የነርቭ በሽታ አለብሽ ከተባልኩ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ የምግብ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ትለኛለች፣ ሌላዋ ሥጋ እንዳትነኪ። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ሞከርኩ፤ ኪሴም ሆዴም ተጎዳ። ይህን በሽታ የሚያድን ምግብ እስካሁን አልተገኘም። የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ነው፣ ስለዚህ መድኃኒቴን በማር አልተካም።

በሽታው ያመጣብኝ የሆድ ድርቀት ግን ሌላ ጉድ ነው፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ፊኛዬ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ውኃ ስቀንስ ጭራሽ ባሰብኝ፤ አሁን በደንብ እየጠጣሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በጥብጬ እወስዳለሁ፣ አሰርም ኦሜጋ 3 ቅባትም አለው፣ ዋጋውም አይጎዳም።

በጾም ሽሮና ጎመኑ ተስማምቶኛል። ችግሩ ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፣ እጥረቱም ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ እኔ ደግሞ መደንዘዙ አንሶኝ! ስለዚህ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ዓሣ አስመጣለሁ። እናቴ በጾም ዓሣ አይበላም ብላ ታኮርፋለች። ሾርባውን በረድ ሲል ነው የምጠጣው፤ በኤምኤሱ የተነሳ ሙቀት ሲነካኝ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል።