ሌባ ለሞባይሉ ሁሉ

«ሌባ ለሞባይሉ ሁሉ! አዲስ መጽሔት!» እያለ ደሴ ፒያሳ ላይ የሚጮኸውን አዟሪ አልቀየመውም፤ ልጁ ያነበበው የታተመውን ነው። የሚያንገበግበኝ ከባጃጅ ይወርዱ የነበሩት እናት ነገር ነው። ጩኸቱን ሲሰሙ መቀነታቸውን ጨበጥ አድርገው ዞር አሉ፤ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ያረቢ!» ብለው ሰፋ አድርገው ዞሩኝ። የሽፋኑ ዲዛይነር መሆኔን ቢያውቁማ ሁለተኛውንም እጃቸውን ይጨምሩበት ነበር።

ርዕሱ «ለባለሞባይሉ ሁሉ» ነው። ወላሂ እንደዚያ ነው። የቴክኖሎጂ መጽሔት ነው፣ እትሙ ስለ ባትሪ አያያዝ ነው፣ ከርዕሱ ሥር «ባትሪዎ ለምን ያብጣል?» የሚል አለ። እሱን ማን አንብቦት!

የኛ ፊደል ጌጥ አይወድም። ለ መሃሉ ላይ በቀኝ በኩል ጭረት ከቀጠላችሁበት ሉ ነው። ጭረቱን ወደ ቀኝ እግሩ ግርጌ ካወረዳችሁት ሊ ነው። እግሩ ላይ ክብ ካንጠለጠላችሁበት ሌ ነው። የሰርኪዩት ሥዕል ደግሞ ምንድን ነው? ጭረት፣ ጫፉ ላይ ክብ። ቴክኖሎጂ ለማስመሰል ፊደል ላይ ሰርኪዩት የሚለጥፍ ሰው ሳያውቀው ፊደል ያስቆጥራል ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ኤ ወይም ቲ ላይ ሽቦ ቢቀጠል ኤ እና ቲ ሆነው ይቀጥላሉ፤ እኛ ጋ ግን አንድ ክብ ሰው ታሳስራለች።

ስለዚህ ሲጀመር ሰርኪዩቱን ያስቀመጥኩት ከፊደሉ ኋላ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ርዕሱን ኮፒ ታደርጋላችሁ፤ ኮፒውን በ3 ሚሊሜትር ዙሪያውን ታሰፉታላችሁ፤ በሰፋው ቅርጽ መስመሮቹን ትቆርጣላችሁ። ሽቦው ፊደሉ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፣ በሁሉም አቅጣጫ 3 ሚሊሜትር አየር ይቀራል። መስመሩን 15 በመቶ ግራጫ አደረግኩት። ያምር ነበር።

ዋና አዘጋጃችን ሻያቸውን ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። (ደንበኛ ከኋላ ሲቀመጥ ማውስ ይከብዳል። ለምን እንደሆነ የሚያጠና ይጠፋል?)

«አንተ፣ ሽቦው ከፊደሉ ጋር ለምን አልተገናኘም?»

«ጋሼ፣ ፊደሉን እንዳይለውጠው ነው።»

«የተቋረጠ ሽቦ መብራት ያበራል?»

ይህን ሲሉኝ ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ዩፒኤሱ ጲጵ ጲጵ እያለ ነው፣ እኔ በየደቂቃው ሴቭ እያደረግኩ ነው። ስለ ተቋረጠ ሽቦ ከደሴ ሰው ጋር መከራከር አይቻልም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ፤ የመጀመሪያዋ ለ ቀኝ እግር ላይ። «እዚች ጋ ይገናኝ። ጫፉ ላይ ነጠብጣቧ ትኑር።»

«ጋሼ፣ ሌ ይሆናል እኮ!»

«አብሽር፣ ሕዝቡ ጅል አይደለም፣ ከሐሳቡ ይረዳዋል።»

ክቧ ብቻዋን ብትሆን «ሌባለሞባይሉ» ነበር የሚባለው፤ ትርጉም የሌለው ነገር ስለሆነ ሰው ስህተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ቀጥሎ ግን የቻርጀር ገመድ መጣ። ገመዱ ከታች ካለው ስልክ ተነስቶ በፊደሎቹ መሃል ሾልኮ ወደ መጽሔቱ ስም ይውጣ ተባለ። ለገመዱ መንገድ የተገኘው ባ እና ሁለተኛዋ ለ መካከል ነው፤ 8 ሚሊሜትር ከፈትኩ። ገመዱ ነጭ ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚለየው በስሱ ጥላ ብቻ ነው። በኦፍሴት ማተሚያ ደግሞ እንዲህ የሳሳ ጥላ፣ ከ3 በመቶ በታች የሆነ የቀለም ነጥብ፣ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አይቆምም። ታትሞ ሲመጣ ገመዱ የለም፣ መንገዱ አለ። ሌባ፣ ክፍት ቦታ፣ ለሞባይሉ።

ክቧ በቀለም ልትለይ ነበር፤ ርዕሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ እሷ የምታበራ ሰማያዊ። የምታበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ እንጂ ማተሚያ ላይ የለችም። የስክሪኑ ሰማያዊ (አርጂቢ 0፣ 0፣ 255) ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለም ሲቀየር ይደበዝዝና ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ሰማያዊ ሰማያዊ ሆኖ እንዲወጣ ማጀንታው (ደማቁ ሮዝ ቀለም) ከሲያኑ (ከውሃ ሰማያዊው) ቢያንስ በ30 በመቶ ዝቅ ማለት አለበት፤ ሲያን 100 ከሆነ ማጀንታ 70 እና ከዚያ በታች። ይህንንም ተናግሬያለሁ። «ስልኬ ላይ ሳየው እኮ ያበራል» ተባልኩ። ፕሩፉን፣ ከሕትመት በፊት የሚታየውን ናሙና፣ በስልክ የሚያጸድቅ ሰው ያጸደቀው ስልኩን ነው። እናም ክቧና ርዕሱ አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ተጋቡ።

ያቺ 4 ሚሊሜትር ክብ አሁን ደሴ ላይ ከእኔ በላይ ትታወቃለች። ሸርፍ ተራ ስገባ «ክቧ ደህና ናት?» ይሉኛል፤ እኔን ደህና ነህ ያለኝ የለም። በቅርቡ መታወቂያ አውጥታ የቀበሌ ቤት መጠየቋ አይቀርም፣ ከእኔ በፊትም ይሰጧታል። ኮምቦልቻ የተላከው ጥቅል የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ክቧ ተንከባላ ትወድቅ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ እዚያ ያሉ ጓደኞቼ ፎቶ አንስተው፣ ዙሪያዋን በቀይ ከብበው ላኩልኝ። ክቧን በክብ! ሽፋኑ ማት ላሚኔሽን (የማያብረቀርቅ ስስ ፕላስቲክ) ስላለው በጥፍር እንኳ አትፋቅም። ማታ ጋደም ስል የአምፖሉ ሶኬት ክብ ነው። የሲኒው አፍ ክብ ነው። ድፎ ዳቦ ማየት አቁሜያለሁ።

ማተሚያ ቤቱስ አላየም ወይ ትሉኛላችሁ። ጽሑፉ ከርቭ ሆኖ፣ ማለትም ፊደልነቱ ቀርቶ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ነው የሄደው፤ ለእነሱ ሥዕል ነው። ከርቭ ካላደረጋችሁ ደግሞ ሌላ መዓት አለ፤ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን የተከሉት በላቲን ቁልፎች ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው «ለ» የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝርግፍ ይሆናል። ዩኒኮድ ቢሆንም ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ የራሱን ይተካና ስፋቱ ይዛባል። ስለዚህ አንባቢ ካነበበ፣ ከታረመ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ከርቭ፤ ኦሪጅናሉን ለብቻ ማስቀመጥ። የኛ አራሚ ደግሞ 48ቱን ገጽ አንብቦ ሽፋኑን «እሱማ ሥዕል ነው» ብሎ ዘለለው።

እግረ መንገዴን ሌላም የሆዴን ልተንፍስ። የሽፋን ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩብን! እንደ ፋይል ላኩ። ኤ4 ሽፋን በአራቱም ጎን 3 ሚሊሜትር መቁረጫ ተጨምሮበት 216 በ303 ሚሊሜትር ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2551 በ3579 ፒክሰል ይፈልጋል። የተጨመቀው ፎቶ ብዙ ጊዜ ረጅም ጎኑ 1280 ፒክሰል ሆኖ ይደርሳል፤ ይህ ወደ 11 ሴንቲሜትር ነው። ቀሪውን 19 ሴንቲሜትር በዱዓ ልሙላው? ከዚያ «ለምን ደበዘዘ?» ይሉና «ኮምፒውተሩ እኮ ነው የሚሠራው» ብለው ዋጋ ይቀንሳሉ።

ቦልድም እንደዚያው ነው። «ወፈር አድርገው» ሲባል ቢ የምትለዋን ቁልፍ የሚጫን ሰው፣ ፎንቱ ወፍራም ወንድም ከሌለው፣ የፊደሉን ጠርዝ ብቻ ነው የሚያሳብጠው። ኒያላ የሚባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ስታሳብጡት የቤና የሌ ቀለበት ይደፈናል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ግን ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ በየደረጃው የተሣለ ስላለው ከዚያ መምረጥ ነው። እኔም ርዕሱን በዚያው በጥቁሩ፣ ፎንት ሳይዝ 90 ሠራሁት። ፊደሎቹ ከሩቅ ጥርት ብለው ይነበባሉ። በጣም ጥርት ብለው።

ትናንት አዘጋጁ ደወሉ። ልንወቃቀስ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «መጽሔቱ ተሸጦ አልቋል! ሰው ሰርኪዩቷን ወዷት ነው እኮ፤ ለሚቀጥለው በሁሉም ፊደል ላይ ትግባ» አሉኝ። ለምን እንዳለቀ የነገራቸው የለም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እሺ ጋሼ ብያለሁ፤ ክፍያው ግን ካሁን በኋላ በፊደል ነው፣ ግማሹ በቅድሚያ፤ እንደ ሌ ኃምስ የሚሆን ፊደል ላይ ጭማሪ አለው።