ያማረ የደም ውጤት፣ የከሳ ታካሚ

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ቤታቸው ሆነው የሚታጠቡ የኩላሊት ታካሚዎችን በሚከታተል ክሊኒክ ነው። የአንድ አባት ወርኃዊ የደም ውጤት መጣና ላዩን ሲያዩት ያስደስታል። እጥበቱ ከደም ሊያስወግዳቸው ከሚገቡት ቆሻሻዎች ክሬቲኒን ከ10.4 ወደ 8.1 ወርዷል፣ ዩሪያም ቀንሷል፣ ፎስፈረስ 3.1፣ ፖታሲየም 3.3 ነው። ክብደታቸው ያው 62 ኪሎ። በዴሲሊትር ከ3.7 ወደ 2.9 ግራም የወረደው አልቡሚን፣ ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን፣ ብቻ ነበር የሚያሳስበው፤ ለእሱም ፋይሉ ላይ «ፕሮቲን እንዲጨምሩ ተነግሯቸዋል» ተብሎ ተጻፈና ታለፈ።

ታካሚው ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ኢትዮጵያዊ ናቸው። የሚታከሙት በሆድ በኩል በሚደረገው እጥበት፣ በፔሪቶኒያል ዳያሊሲስ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ባለሁለት ሊትር ፈሳሽ ራሳቸው ይቀይራሉ።

ውጤቱን እንደገና ያነሳችው የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት። የእጥበቱ መጠን አልተጨመረም፤ ሽንታቸው ደግሞ በቀን ከ900 ሚሊ ሊትር ወደ 350 ወርዷል። እንዲህ ሲሆን ክሬቲኒን ይወጣል እንጂ አይወርድም። የወረደው የሚመነጭበት ጡንቻ ስላነሰ ነው። ዩሪያና ፎስፈረስም የቀነሱት እጥበቱ ስለተሻለ ሳይሆን የሚበላው ስላነሰ ነበር። በእኔ እምነት በዚህ ሕክምና ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስት ወረቀት ይህ ነው፤ ረሃብ ጥሩ እጥበት መስሎ ይታያል።

እጃቸውን ይዛ አየች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፤ ከቅንድባቸው ጫፍ እስከ ጆሯቸው ያለውም እንዲሁ። እግራቸውን ስትጫን ጣቷ ጉድጓድ ተወ። ሚዛኑ ያልተንቀሳቀሰው በጠፋው ጡንቻ ቦታ ውኃ ስለገባ ነው። በዚያ ላይ ከሰውነት ውኃ እንዲስብ ፈሳሹ ውስጥ የተጨመረው ስኳር ወደ ደም ይገባል። ባለ 1.5 ፐርሰንቱ ባለሁለት ሊትር ከረጢት 30 ግራም፣ ባለ 2.5ቱ 50 ግራም ግሉኮስ ይይዛል። ሁለት ሁለት ሲጠቀሙ በቀን 160 ግራም ይሆናል፤ ከዚህ 60 ፐርሰንቱ ወደ ደም ቢገባ 325 ካሎሪ ገደማ ነው። ስብ ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ፕሮቲን ግን ጠብ አይልም። እንዲያውም በየቀኑ ከ5 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን ከወጪው ፈሳሽ ጋር ይሄዳል።

«አባባ፣ ትናንት የበሉትን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ።»

«ጾም አይደል ልጄ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀራ በጎመን። ማታም እሱኑ።»

«ሽሮስ? ምስርስ?»

«ተከልክያለሁ» አሉና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቀድሞ በማሽን ይታጠቡ በነበረበት ቦታ የተሰጣቸው የምግብ ዝርዝር ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ሁሉም በቀይ ተሰርዟል። በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ለሚታጠብ ሰው፣ በመሃሉ ፖታሲየም ስለሚጠራቀም፣ ክልከላው ምክንያት ነበረው። በሆድ የሚታጠብ ሰው ግን ፖታሲየም የሌለበት ፈሳሽ ቀን ከሌት ስለሚያጥበው ብዙ ጊዜ ችግሩ ማነስ ነው። እሳቸው ፖታሲየማቸው 3.3 ሆኖ ምስር ይሸሹ ነበር። የዕለት ፕሮቲናቸው ሲሰላ 35 ግራም ገደማ ሆነ፤ ለእሳቸው የሚያስፈልገው በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው፣ ያውም ውኃው በወጣለት ክብደት ተሰልቶ።

ይሁን እንጂ አልቡሚን በምግብ ማነስ ብቻ እንዲህ አይወርድም። መጀመሪያ የሚጣራው ላቦራቶሪው ዘዴ ቀይሮ እንደሆነ ነው፤ ብሮሞክሬሶል ግሪን በሚባለው ቀለም የተለካው ብሮሞክሬሶል ፐርፕል በሚባለው ከተለካው በዴሲሊትር በግማሽ ግራም ያህል ከፍ ሊል ይችላል። እዚህ ዘዴው ያው ነበር። ወጪው ፈሳሽ ጥርት ያለ ነው፣ ነጭ ሴሉም ከ100 በታች፤ ስለዚህ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን የለም። ብግነት መኖሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ሲ አር ፒ፣ ግን ከፍ ብሎ 38 ሆነ። ሰውነት ብግነት ሲኖርበት ጉበት አልቡሚን መሥራቱን ይቀንሳል፣ ያኔ ሥጋ ቢበሉም አይነሳም። አፋቸው ሲታይ መንጋጋ ጥርሳቸው ሥር መግል ቋጥሯል። ለሕመሙ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ኢቡፕሮፌን ለሳምንታት ወስደዋል፤ የሽንቱም መቀነስ በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው።

የሽንቱ ነገር ቀላል አይደለም። 680 አዲስ ታካሚዎችን የተከታተለው የካናዳና አሜሪካ ጥናት፣ ካኑሳ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲታተም አልቡሚን በሊትር አንድ ግራም ከፍ ባለ ቁጥር የሞት አደጋ በ6 ፐርሰንት፣ በአካል ምርመራ የሚሰጠው የምግብ ሁኔታ ነጥብ አንድ ደረጃ ሲሻሻል ደግሞ በ25 ፐርሰንት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2001 መረጃው እንደገና ሲተነተን በቀን 250 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ሽንት ከ36 ፐርሰንት ዝቅ ያለ አደጋ ጋር ተያያዘ። ይህ ዝምድና እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ አልቡሚኑን በመርፌ ሞልቶ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም።

ጥርሱ ተነቀለ፣ ኢቡፕሮፌን በፓራሲታሞል ተተካ። ሌሊት የሚያድረው ከረጢት ቶሎ በማይመጠጥ የስኳር ዓይነት፣ በአይኮዴክስትሪን፣ ተለወጠ፤ ግሉኮሱ ተመጥጦ ሲያልቅ ውኃውም ተመልሶ ይገባ ነበርና። በደማቸው አሲድን የሚያረግበው ባይካርቦኔት ዝቅ ብሎ 19 ስለነበረ፣ አሲድ ደግሞ ጡንቻ ስለሚበላ፣ ኪኒን ተጨመረ። ጾሙን መተው አላስፈለገም፦ በሁለቱም ማዕድ አንድ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወይም ክክ፣ እያንዳንዱ 16 እስከ 18 ግራም፤ ቶፉና የለውዝ ቅቤ በመሃል፤ ሽሮው ጨው የቀነሰ። የሚበሉት የሆዱ ፈሳሽ ወጥቶ አዲሱ ከመግባቱ በፊት እንዲሆን ተነገራቸው፤ ሁለት ሊትር ተሸክሞ የተቀመጠ ሰው ሦስት ጉርሻ ይበቃዋል። ፖታሲየምና ፎስፈረስ በሁለት ሳምንት ታየ፣ የሚያሰጋ አልነበረም።

ውኃው ሲወጣ ትክክለኛው ክብደታቸው 58 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። አልቡሚን ግማሹ ለመለወጥ ወደ 20 ቀን ስለሚፈጅበት በሳምንቱ መልሶ መለካት ጥቅም የለውም። በሁለተኛው ወር 3.4 ደረሰ፣ ሲ አር ፒ ወደ 6 ወረደ፣ የእጃቸው ጭብጥ ጥንካሬ ከ19 ወደ 23 ኪሎ ወጣ። ክሬቲኒን 9.2 ሆነ፤ በዚህ ጊዜ መውጣቱ ደግ ነበር። ሽንቱ የተመለሰው እስከ 500 ብቻ ነው፣ ስለዚህ የእጥበቱ መጠን ተጨመረላቸው። ክሊኒኩም አሁን በየወሩ ውጤቱን ሲያይ ክሬቲኒንን ከሽንት መጠን ጋር አንድ መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ ለጥርስ፣ ለወገብ ወይም ለጉልበት ራሳቸው የገዙት ኪኒን እንዳለም በስም ይጠይቃል።