ቡናው እስኪሰክን

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ከህዳር 15 ጀምሮ ጾማችሁ፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ቆማችሁ ላነጋችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ዘንድሮ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ የገና ቡናችሁን ከአቦል እስከ በረካ ያለ ስልክ ጠጡ። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እጣኑ እየጤሰ፣ ቤተሰቡ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ሲነካካ ማየት ያሳዝናል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ያቺን ሰዓት አታስነኩ።

ድምፅ አጥፍቶ ኪስ ውስጥ መክተት አይበቃም፤ ልብ እዚያው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ረከቦቱ አጠገብ ደፍቶ ማስቀመጥም ያው ነው፤ አንዱ ሲያነሳ ሁሉም ያነሳል። የሁሉንም ሰብስባችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፉና የጥሪውን ድምፅ ክፍት ተዉት፤ የቸገረው ሰው በመደበኛው መስመር ይደውላል። ብዙ ሰው ዋይፋዩን ይረሳና ቴሌግራሙ ሲጮህ ይውላል። ዳታ ማጥፋት የማይሆንለት ‘አትረብሹኝ’ የሚለውን ያብራ፤ ደጋግሞ የሚደውል ሰው እንዲያልፍም ይፍቀድ። አይፎን በ3 ደቂቃ፣ አንድሮይድ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የደወለውን ያሳልፋል።

ውጭ ላሉት ቀድማችሁ ንገሯቸው። አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ሪያድ ግን ሰዓቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ፎቶውን ቡናው ሳይቆላ አንሱት፣ መለጠፉ ለማታ ይቆይ። ቴሌቪዥኑም ይጥፋ።

እስከ አቦል ድረስ ሰው ይቁነጠነጣል፤ እጁ ሳያውቀው ኪሱን ይዳብሳል። ያልፋል፣ ታገሡት። ልጆች ግን ሥራ ይፈልጋሉ። አንዱ የተቆላውን ቡና ለእንግዳ ያስሸትት፣ አንዷ ፈንዲሻውን ታዙር፣ ሌላው ሲኒ ያቀብል።

ጀበናው ከእሳት ወርዶ መቀመጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ዘንበል ይላል። ቸኩሎ የቀዳ ዝቃጩን ይጠጣል፤ የሰከነው ግን ጥርት ብሎ ቀጥኖ ይወርዳል። ‘ሰከነ’ የምንለው ለቡናም ለሰውም ነው። በዚያች ዝምታ ማንም ወሬ መፍጠር የለበትም። ጨዋታው ቶና ላይ ራሱ ይመጣል። አያት ሲያወሩ መሀል ላይ ቆም ይላሉ፤ ስም ያስታውሳሉ፣ ዘመኑን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እጁ ላይ ስልክ ያለ ሰው የጨረሱ ይመስለውና ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ እሳቸውም የጀመሩትን ይተዉታል። ከገና ቡና የምናጣው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ አያት አጠገብ ያለውን ቦታ ለልጆቹ ልቀቁላቸው፤ ምርቃቱም እስኪያልቅ ማንም እንዳይነሳ። መልካም ገና!