በአውሎ ነፋሱ ማግስት፣ በክሌር ገጠር

ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን እስከ ክሌር አውራጃ ከተማ እስከ ኤኒስ ያለውን መንገድ ዝናብ በሚወርድበት መስኮት ስላየሁት ስለ እሱ የምለው ብዙም የለኝም። ኤኒስ ላይ ግን ገና ከመውረዴ የሚያናድድ ነገር ገጠመኝ። የታክሲው ሹፌር ቆጣሪው ተበላሽቷል ብሎ እህቴ ቤት ሲያደርሰኝ 70 ዩሮ ተቀበለኝ። እህቴ ዋጋውን ስትሰማ ደሟ ፈላ። በዚህ አገር ታክሲ በቆጣሪ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ ለዚያ መንገድም ቢበዛ የዚያን ግማሽ ነው የሚያስከፍለው። «እትዬ፣ የመኪናውን ቁጥር ባገኝ ኖሮ!» እያለች እስከ እራት ድረስ አልበረደላትም። እኔም ከልቤ ነው የተናደድኩት፤ ሻንጣ ይዞ የመጣን እንግዳ መዝረፍ የትም አገር ነውር ነው።

እህቴ ነርስ ናት። የምትኖረው በኮሮፊንና በኤኒስቲሞን መካከል፣ ከሰው ይልቅ ላም በሚበዛበት ገጠር ነው። ልጇ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አመጣጤ እነሱን ለመጠየቅ ቢሆንም፣ ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማርኩ መምህርት ነኝና የልጅቷን ትምህርት ቤት ሳላይ አልመለስም ብዬ ነበር። ርዕሰ መምህሯም በእህቴ በኩል ጋብዛኝ፣ ልጆቹ ጥያቄ አዘጋጅተው እየጠበቁኝ ነበር።

ከዚያ በፊት አውሎ ነፋሱ መጣ። ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. አየርላንድን ያናወጠው፣ ኤዮዊን የተባለው ነው። መላ አገሪቱ በቀይ ማስጠንቀቂያ ሥር ሆና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ዋሉ። ከእኛ በስተሰሜን በጎልዌይ ጠረፍ፣ ሜስ ሄድ በተባለው ቦታ፣ ነፋሱ በሰዓት 184 ኪሎ ሜትር ተለክቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ተይዞ የቆየውን የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሌሊቱን ልጅቷን መሀላችን አስተኝተን፣ የጣሪያው ድንጋይ አንድ በአንድ እየተነሳ ግቢው ውስጥ ሲሰበር እየሰማን፣ ውዳሴ ማርያም ስንደግም አደርን። ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፋ። ውኃውም አብሮ ሄደ፤ የጉድጓዱ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ማሞቂያውም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ብርድ አላውቅም፤ የደሴ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይለቅቃል፣ ይሄኛው ግን ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ነፋሱ ጋብ ሲል አንድ ጎረቤት ገበሬ በትራክተር መጣ። መንገዱን የዘጋውን ዛፍ በሞተር መጋዝ ቆራርጦ ወደ ዳር ከገፋ በኋላ በራችንን አንኳኳና ሁለት ጀሪካን ውኃና አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ አስቀመጠልን። ሻይ ጠጣ ብንለው አልቆመም። በአካባቢው የተገኘው ጄነሬተር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ላሞቹን በማሽን ለማለብ ከበረት በረት በተራ ይጎትቱት ነበርና የእሱ ተራ ደርሶ ነበር። እህቴ ከዚህ ሰው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግራ አታውቅም። በዚያው ሰሞን ድፎ ዳቦ ጋግራ ወሰደችለት።

በሳምንቱ መሀል መብራት ተመለሰና ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ በሩ አናት ላይ «ብሔራዊ ትምህርት ቤት» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ብሔራዊ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1831 የተጀመሩ ናቸው፤ አገሩ ገና በእንግሊዝ ሥር ሳለ። ስገባ የእንግዳ መዝገብ ላይ ፈረምኩ፤ ልጆቹን ፎቶግራፍ ማንሳት እንደማይፈቀድና አንድ መምህር ሁልጊዜ አብሮኝ እንደሚሆን ተነገረኝ። ደስ አለኝ። ልጅ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

የተማሪዎቹ ቁጥር 34 ነው። ስምንት የክፍል ደረጃ በሁለት ክፍል ውስጥ፣ በሁለት መምህራን ይማራል። ከአራት ዓመት ጀምሮ የሚገቡት ትንንሾቹ ሁለት ዓመት «ሕፃናት» ይባላሉ፤ እነሱ ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ጋር በአንድ ክፍል፣ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ደግሞ በሌላው ናቸው። ርዕሰ መምህሯ ራሷ የትልልቆቹ አስተማሪ ናት፤ በትንንሽ ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህር መሆን ከማስተማር አያድንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ይገባሉ፣ ሕፃናቱ 8 ሰዓት ላይ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ 9 ሰዓት።

ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያየሁትን ለሙያ ባልደረቦቼ ልንገር። ርዕሰ መምህሯ ለስድስተኛ ክፍል የክፍልፋይ ትምህርት ሰሌዳ ላይ ታስረዳለች። አምስተኛዎቹ ካርታ ይስላሉ። አራተኛዎቹ ያነብባሉ። ሦስተኛዎቹ በማስመሪያ የጠረጴዛቸውን ርዝመት እየለኩ ይጽፋሉ። አንዱ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማስመሪያውን ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ጀምሮ ስለያዘ ልኬቱ አልመጣለትም፤ አጠገቡ ያለችው የአራተኛ ክፍል ልጅ ዓይኗን ከመጽሐፏ ሳትነቅል በጣቷ ማስመሪያውን ወደ ቦታው ገፋችለት። መምህሯ አየች፤ ምንም አላለችም። እኔ ከ60 በላይ ተማሪ ይዤ ለአንዱ ደረጃ ብቻ ሳስተምር የማይደርሰኝን ነገር ይቺ ሴት በአራት ደረጃ ትሠራዋለች። ምክንያቱ ቁጥሩ ነው፤ ማንም እንዳያታልለኝ። እያንዳንዱን ልጅ በእጁ ጽሑፍ ታውቀዋለች።

ያው ቁጥር ግን ሥጋቷም ነው። የመምህራን ምደባ የሚወሰነው በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ቀን በመዝገብ ላይ በተገኘው የተማሪ ብዛት ነው። ቤተሰቦች ወደ ከተማ እየለቀቁ ቁጥሩ ከተወሰነው በታች ከወረደ አንድ መምህር ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ኬክ ጋግረው እየሸጡ ገንዘብ የሚያሰባስቡት ወላጆች፣ አጥር የሚጠግነው አያት፣ ሁሉም ትምህርት ቤቷን እንደ ራሱ ከብት ነው የሚቆጥራት።

ያልተመቸኝንም ልናገር። በአየርላንድ ከአሥር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ያህሉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ናቸው፤ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁበት ነው። የእህቴ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቆርባለች። በሚቀጥለው ዓመት ምን ትሁን? ሃይማኖታዊ ትምህርቱን አለመከታተል ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው፣ ርዕሰ መምህሯም በቀና ልብ ሌላ ሥራ እንደምትሰጣት ነግራናለች። ነገር ግን በ34 ተማሪ መካከል አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትቀመጥ መብቱ ብርዱን አያስቀርም። እህቴ እስካሁን አልወሰነችም።

በእረፍት ሰዓት ዝናቡ ቆሞ ሁሉም ወደ ሜዳው ወጣ። የራስ ቁር አጥልቀው፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ዱላ ይዘው ሃርሊንግ ይጫወታሉ። ልቤ ዘለለ፤ የገና ጨዋታ ነዋ! ኳሷ ቆዳ የለበሰች ከመሆኗ በቀር የእኛዋ ሩር ናት፤ ገና ካለፈ ሳምንታት ብቻ ስለነበሩ ወንድሞቼ እየታገሉ ሲጫወቱ ዓይኔ ላይ ነበር። የክሌር ቢጫና ሰማያዊ ባንዲራ አጥሩ ላይ አሁንም ተንጠልጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የክሌር ቡድን ኮርክን በተጨማሪ ሰዓት በአንድ ነጥብ አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷልና። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ዱላዋን አስያዘችኝ፤ አሽ ከሚባል ዛፍ የተሠራ፣ ከባድ፣ መያዣው በላብ የጠቆረ። የአሽ ዛፎቻቸውን በሽታ እየጨረሰባቸው እንደሆነ፣ አውሎ ነፋሱ መንገዳችን ላይ የጣለውም የታመመ አሽ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። ስለዚያ ዛፍ ስታወራ ስለ ታመመ ዘመድ የምታወራ ትመስል ነበር።

አርብ ዕለት የአየርላንድ ጠባቂ የምትባለውን የቅድስት ብሪጂድን መስቀል ሠሩ። በዓሏ ፌብሩዋሪ 1 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በእሷ ስም የሕዝብ በዓል ታውጇል። ገበሬው ጎረቤታችን ከረግረጉ የነቀለውን ቄጤማ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በር ላይ ጥሎላቸዋል። አንዱን ዘንግ ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፣ ሌላውን አጥፈው ያስገቡበታል፣ ያዞሩታል፣ እንደገና አጥፈው ያስገባሉ፤ መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን ሽመና እየወጣ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ምላሷን ከከንፈሯ አውጥታ ስትሠራ አራቱን ክንፎች በክር አሰርኩላት። መስቀሉ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል ተብሎ ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ይሰቀላል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን አንድ የወረቀት ማኅደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የፎክሎር (የሕዝብ ሥነ ቃል) ኮሚሽን በ26ቱ አውራጃዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን አሳተፈ። 50,000 ያህል ልጆች ወደ አያቶቻቸውና ወደ ጎረቤት ሽማግሌዎች ሄደው ተረቱን፣ መድኃኒቱን፣ የጠበሉን ታሪክ፣ የረሃቡን ዘመን ጠይቀው በደብተር ጻፉ። ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት ይነበባል። ርዕሰ መምህሯ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ገጾች አትማ ይዛለች። አንዱ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ገጹን አወጣና የቅድመ አያቱን የእጅ ጽሑፍ አሳየኝ። ድንጋይ ላይ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ የእጅ ኪንታሮት እንደሚድን ነበር የጻፈችው። ድንጋዩ አሁንም እዚያው አለ፤ ልጁ እጁን ነክሮበታል።

ከዚያ ጥያቄ ሆነ። አንዲት ልጅ እናንተም አገር ረሃብ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መምህሯ ደነገጠች። እኔ አልደነገጥኩም። የወሎ ሰው ነኝ፤ የ77ቱን ነገርኳቸው፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ ያየሁትን። እነሱም የራሳቸውን ነገሩኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በሽታ መትቶት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ማለቁን። በማግስቱ እህቴ ኤኒስቲሞን አጠገብ ወዳለው መታሰቢያ ወሰደችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የአራት ዓመት ልጅ፣ እናትና አባቱ ሞተውበት፣ ተቀበሉት የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ድኾች መጠለያ በር ተልኮ ነበር፤ በሩ ላይ የቆመው የሐውልት ልጅ እሱ ነው። ዝናብ እየወረደብኝ ብዙ ቆየሁ።

ተማሪዎቼ አያቶች አሏቸው። የ66ቱንም የ77ቱንም በዓይናቸው ያዩ። ሄዳችሁ ጻፉ ያላቸው ግን የለም። ደሴ እንደገባሁ ለሰባተኛ ክፍሎች ደብተር አከፋፍያለሁ፤ አርብ አርብ የአማርኛ ድርሰት ሰዓታችንን ለዚህ አድርገነዋል። አንዷ ተማሪ አያቷ ለሦስት ሳምንት አልናገርም ብለው በአራተኛው እንደጀመሩላት ነገረችኝ። ከክሌርም በቅርቡ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ በገና ጨዋታ በአንድ ወገን ስንት ተጫዋች ይሰለፋል ይላሉ። ወንድሜን ጠይቄ፣ የመጣው ሁሉ ይጫወታል ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።