ኬክሮስ ላይ ያለችው «ደቂቃ» 27 ኪሎ ሜትር አሳተችኝ

የሁለት አነስተኛ ኤርፖርቶችን የአየር ርቀት በሃቨርሳይን ቀመር (በሉል ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን ርቀት ከኬክሮስና ከኬንትሮሳቸው በሚያሰላው) ኤክሴል ላይ ማውጣት ቀላል ነው። የመሬት ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር፤ ዲግሪው ኤክሴል ወደሚያውቀው የማዕዘን መለኪያ፣ ወደ ራዲያን ይቀየራል፤ ውጤቱ ለ1.852 ሲካፈል ኖቲካል ማይል ይሆናል። ራዲያኑን የረሳ ሰው የሚያገኘው ዓይን ያወጣ ስህተት ስለሆነ ወዲያው ይነቃል። እኔን የጎዳኝ ዓይን ያላወጣው ነው።

የአቪዬሽን ሰነዱ ኬክሮሱን «123627 ሰሜን» ብሎ ጽፎታል። ነጥብ የለ፣ ክፍተት የለ። እንዲህ ደርድሮ መጻፍ ለማን እንደሚመች እስካሁን አይገባኝም። 12.3627 ብዬ አስገባሁት። የሚነበበው ግን 12 ዲግሪ፣ 36 ደቂቃ፣ 27 ሰከንድ ተብሎ ነው፤ 36 ለ60፣ 27 ለ3,600 ተካፍሎ ሲደመር 12.6075 ይመጣል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ኤርፖርቱን 27 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ገፍቼዋለሁ።

ስህተቱ የሚደበቀው ዲግሪው ትክክል ስለሆነ ነው፤ ነጥቡ ካርታ ላይ እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ይባስ ብሎ ሁሌም ወደ ምድር ወገብ ስለሚስብ ሁለቱም ኤርፖርቶች አብረው ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ የሞከርኩት ጥንድ ደቂቃው 34 እና 36 ነበር፤ የሁለቱ መንሸራተት ልዩነት 1.5 ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሰንጠረዡን አመንኩት። ደቂቃው 04 እና 52 ለሆነ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ለተዘረጋ መስመር ግን ስህተቱ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

መፈተኛው ይኸውና፦ ሃያ ያህል ኤርፖርት ደርድሩና ከነጥቡ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አሃዞች እዩ። አንዱም 60 ካልደረሰ ዲግሪ ከነክፋዩ ሳይሆን ደቂቃ ነው የያዛችሁት። ኬንትሮሱን ደግሞ በጽሑፍ መልክ አስቀምጡ፤ የኬንትሮስ ዲግሪ በሦስት አሃዝ ስለሚጻፍ ኤክሴል የ«0372606»ን (37 ዲግሪ፣ 26 ደቂቃ፣ 6 ሰከንድ) መነሻ ዜሮ ይበላና 372 ዲግሪ ያነብላችኋል።

«ሉል ሳይሆን ኤሊፕሶይድ ተጠቀሙ» (ዋልታዎቹ ላይ ጠፍጠፍ ያለውን የመሬት ቅርጽ ማለት ነው) የሚለውን ምክር ለአጭር በረራ አልቀበለውም። ስህተቱ ቢበዛ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ በ300 ኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎ ሜትር፣ በበረራ 10 ሰከንድ ገደማ።

ሰዓቱ ላይ፣ 300 ኪሎ ሜትር 162 ኖቲካል ማይል ነው፤ በ275 ኖት (በሰዓት 275 ኖቲካል ማይል) ለሚበር ኤቲአር 72 ለተባለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን 35 ደቂቃ ይሆናል። የጊዜ ሰሌዳ የሚቆጥረው ግን አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት እስኪቆም ድረስ ነው። መሬት ላይ መሽከርከሩ፣ ሲወጣ ፍጥነቱ ማነሱ፣ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር ለመግጠም መዞሩ አለ፤ እኔ 25 ደቂቃ እጨምራለሁ። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በየአገሩ ሰዓት ስለሚጻፍ ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሳትመልሱ አትቀንሱ።

25 ኖት የፊት ነፋስ 35ቱን ደቂቃ 39 ያደርገዋል፤ ከኋላ ከሆነ 32። ለዚህች ለሦስት አራት ደቂቃ ግማሽ ቀን ስጨነቅ ያ 35 ኪሎ ሜትር እዚያው ሰንጠረዡ ውስጥ ተኝቶ ነበር።